የማይደብቅ ጂፒኤስ፦ የካርታ ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ምን ዓይነት ተቀባይ ይግዛ?

በክፍት የካርታ ሶፍትዌር ላይ መሥራት የጀመሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ከጂፒኤስ የትኛው ይሻላል? የቱን ልግዛ?» «ይሻላል» ሲሉ ቦታን ሳይስት የሚናገረውን ማለታቸው ነው። ካርታ ለሚሠራ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው። ሶፍትዌሩን ለሚጽፈው ሰው ግን ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ መሣሪያው ያየውን እንዳለ ይነግረኛል ወይስ አለስልሶ፣ ገሚሱን ደብቆ ይሰጠኛል? ብዙ ገንዘብ ከፍለው ለሥራቸው የማይሆን ዕቃ ገዝተው የሚመጡ ልጆችን ሳይ ያሳዝነኛል። ይህን የምጽፈውም ለነሱ ነው።

ተቀባይ የምለው የሳተላይቶቹን ምልክት የሚያዳምጠውን ዕቃ ነው፤ «ሪሲቨር» ብል ብዙዎቻችን ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ ትዝ ይለናል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። እያንዳንዳቸው የአቶሚክ ሰዓት አላቸው፤ የሚልኩትም መልእክት በአጭሩ «እኔ እገሌ ነኝ፣ አሁን እዚህ ነኝ፣ ሰዓቱ ይህ ነው» የሚል ነው። ተቀባዩ ወደ ሳተላይቱ ምንም አይልክም፤ ማዳመጥ ብቻ ነው ሥራው። መልእክቱ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደወሰደ ካወቀ ርቀቱን ያሰላል።

ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ 300 ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ በሰዓት ላይ የተፈጠረች የአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስሕተት 300 ሜትር ስሕተት ሆና ትመጣለች። እኛ እጅ ያለው ተቀባይ ደግሞ እንደ ተራ የእጅ ሰዓት በኳርትዝ ነው የሚሠራው። ሦስት ሳተላይት የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ከፍታ ሦስት የማይታወቁ ቁጥሮች ናቸው፣ የተቀባዩ ሰዓት ስሕተት አራተኛ ሆኖ ይጨመራል፤ ለአራት የማይታወቅ አራት ሳተላይት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ ቦታ የሚለካ ሳይሆን የሚሰላ ነገር መሆኑን ነው። ቺፑ ውስጥ ራሱን የቻለ ሶፍትዌር አለ። የትኛውን ሳተላይት ልመን፣ የትኛውን ልተው፣ ድንገት የዘለለውን ነጥብ ልቀበለው ወይስ ልጣለው እያለ በየሰከንዱ ይወስናል። እናንተ የምትጽፉት ፕሮግራም የሚያነበው የዚያን ውሳኔ ውጤት ነው። ውሳኔው እንዴት እንደተሰጠ የማያሳይ መሣሪያ ይዞ ፕሮግራም መጻፍ፣ የሌላ ሰው ሒሳብ መልሱን ብቻ አይቶ ስሕተቱን እንደመፈለግ ነው።

አንድ ጊዜ የተዋስኩትን ተቀባይ ይዤ ሽሮ ሜዳ ውስጥ ከዋናው መንገድ ወደ ጓሮ የሚገቡትን ጠባብ መንገዶች እየዞርኩ ስመዘግብ ዋልኩ። ቀስ እያልኩ፣ ሰው እያናገርኩ፣ በየመታጠፊያው ማስታወሻ እየያዝኩ ነበር የሄድኩት። ማታ ላፕቶፑ ላይ ስከፍተው መንገዱ የእግረኛ መንገድ አይመስልም፤ ነጥቡ አንድ ቦታ ተተክሎ ይቆይና ድንገት 15 ሜትር ይዘላል፣ እንደገና ይተከላል፣ እንደገና ይዘላል። ጥፋቱ የኔ ኮድ ነው ብዬ ሁለት ምሽት ፈተሽኩት። ኮዱ ንጹሕ ነበር። የቺፑን መመሪያ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ፍጥነቱ ከእግር እርምጃ በታች ሲወርድ ቺፑ «ይህ መኪና ቆሟል» ብሎ ነጥቡን ያስረዋል። መብራት ላይ ለቆመ ሾፌር መኪናው ካርታው ላይ እየተንቀዋለለ እንዳይታየው ተብሎ የተሠራ ደግ ሐሳብ ነው። በእግሩ እየሄደ መንገድ ለሚመዘግብ ሰው ግን መንገዱን ይበላበታል። በአንዲት ትእዛዝ የሚጠፋ ቅንብር ነበር፤ ትእዛዙ የተጻፈበት ሰነድ በነፃ ባይገኝ ኖሮ ግን እስከ ዛሬም ኮዴን ስጠረጥር እኖር ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛዬ ይህ ነው፦ የቺፑ ፕሮቶኮል፣ ማለትም ከፕሮግራም ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ፣ ተጽፎ፣ ማንም ሊያነበው በሚችል መልኩ ወጥቷል ወይ? የስዊዘርላንዱ ዩ-ብሎክስ የቺፖቹን መልእክቶች ዝርዝር በመቶዎች በሚቆጠሩ ገጾች ያወጣል፤ በክፍት ምንጭ ሠሪዎች ዘንድ ተወዳጅ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሰነዱን ለማየት ውል ፈርሙ የሚል ቺፕ ቢያንስ ለመጀመሪያ ግዢ አይሆናችሁም።

ከማለስለስ የባሰ ደግሞ አለ። ለመኪና የተሠሩና ውስጣቸው ካርታ የተጫነባቸው መሣሪያዎች ነጥቡን ወደ ቅርቡ መንገድ ጎትተው የሚያስቀምጡበት ቅንብር አላቸው። ስክሪኑ ላይ ያምራል። ነገር ግን ያ ነጥብ አሁን የሰማይ ልኬት አይደለም፤ ካርታውን የሠራው ድርጅት ከሣለው መስመር የተቀዳ ነው። በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ክፍት የዓለም ካርታ፣ የኦፕንስትሪትማፕ ዳታ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ማንም ሊጠቀምበት በሚችል ክፍት የዳታቤዝ ፈቃድ ስር ነው የሚሰራጨው፤ የሌላ ባለመብት ካርታ በዚህ በኩል ሾልኮ ከገባ ማንነቱን ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ካላችሁ ቅንብሩን አጥፉ፤ የማይጠፋ ከሆነ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት።

ስልክስ? ስልክ ሁላችንም እጅ ላይ አለ፤ ሶፍትዌራችሁን የሚጠቀመውም ሰው በአብዛኛው በስልኩ ነው። ስለዚህ ስልክ ላይ መሞከር የግድ ነው። ይሁንና አንድሮይድ በተለመደው መንገድ ቦታ ስትጠይቁት የሚመልሰው ከጂፒኤስ፣ ከዋይፋይ፣ ከሞባይል ታወርና ከስልኩ የእንቅስቃሴ ዳሳሾች ተደባልቆ የወጣ ቁጥር ነው። ድብልቁ ውስጥ የትኛው ምን እንዳዋጣ አታውቁም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው አንድሮይድ 7 ጀምሮ ያልተቀነባበረውን የሳተላይት ልኬት ማንበብ ይቻላል፤ ስንት ነገር እንደሚገለጥ ግን ከስልክ ስልክ ይለያያል። ባትሪ ለመቆጠብ ሲባልም ስልኩ ማዳመጡን በየመካከሉ ያቋርጣል፤ በአዳዲሶቹ ስልኮች ይህን የሚከለክል ቁልፍ ለፕሮግራመሮች በተተወው ቅንብር ውስጥ ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ተቀባዩ ቋንቋ እንምጣ። ብዙ ፕሮግራም የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

አብዛኞቹ ተቀባዮች ኤንኤምኢኤ 0183 የሚባል ቋንቋ ይናገራሉ። መጀመሪያ የተዘጋጀው ለመርከብ መሣሪያዎች ነው። ተራ ጽሑፍ ነው፤ በዶላር ምልክት የሚጀምር፣ በኮማ የተከፋፈለ፣ ከ82 ፊደል የማይበልጥ መስመር በየሰከንዱ እየተከታተለ ይወርዳል። በየመስመሩ መጨረሻ ከኮከብ ምልክት በኋላ የሚመጡት ሁለት ምልክቶች መስመሩ እንዳልተበላሸ ማረጋገጫ ናቸው፤ እነሱን ሳያሰላ መስመር የሚቀበል ፕሮግራም አንድ ቀን የተቆረጠ ቁጥር ይውጣል።

መስቀል አደባባይ ላይ ጂጂኤ የሚባለው መስመር ሊሰጣችሁ ከሚችለው ሦስት ቁጥሮችን ላሳያችሁ፦ 061500፣ ከዚያ 0900.6300፣ ከዚያ 03845.6780።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። 6 ሰዓት ከ15 ይላል፤ የተቀባዩ ሰዓት ግን የዓለም መነሻ ሰዓት እንጂ የአዲስ አበባ አይደለም። 3 ሰዓት ስትጨምሩበት ስልካችሁ ላይ የሚታየው 9:15 ይሆናል፤ እኛ በአፋችን ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ከሩብ እንለዋለን። ለአንድ ቅጽበት ሦስት ስሞች ማለት ነው። ፋይል ላይ የሚቀመጠው ሁልጊዜ የመጀመሪያው መሆን አለበት፤ የኛ ሰዓትና የኛ ዘመን አቆጣጠር ለተጠቃሚው ስክሪን ላይ ሲወጣ ብቻ ይቀየር።

ሁለተኛው ቁጥር ኬክሮስ ነው። ነጥቡን ሁለት ቦታ ወደ ግራ ገፍቶ 9.0063 ብሎ ማንበብ ያምራል፤ ስሕተት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዲግሪ ናቸው፣ የቀረው ደቂቃ ነው። 00.6300 ደቂቃን ለ60 ስናካፍል 0.0105 ይሆናል፤ ትክክለኛው ኬክሮስ 9.0105 ነው። ሦስተኛው ኬንትሮስ ነው፤ እዚህ ላይ ዲግሪው ሦስት አኃዝ ይይዛል። 038 ዲግሪ፣ 45.6780 ደቂቃ፤ ለ60 ሲካፈል 38.7613።

ይህን ያላወቀ ፕሮግራመር ምን ይገጥመዋል? በኬክሮሱ በኩል ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳን የማይሞላ ስሕተት ነው፤ «ጂፒኤሱ ትንሽ ይስታል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። በኬንትሮሱ ግን 38.7613 መሆን ያለበት 38.4568 ይሆንና መስቀል አደባባይ የቆመው ሰው 33 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተወስዶ ሆለታ አካባቢ ይታያል። ይህ ስሕተት ከቦታ ቦታ መጠኑ ይለዋወጣል፤ ደቂቃው ዜሮ አካባቢ ሲሆን ይጠፋል። አንድ ቦታ ላይ ሠርቶ ሌላ ቦታ ላይ የሚበላሸው ለዚህ ነው።

ባዶ ቦታዎቹንም አትርሱ። ተቀባዩ ሳተላይት ገና ካላገኘ ቁጥሩ የሚገባበት ቦታ ባዶ ሆኖ ኮማዎቹ ብቻ ይደረደራሉ። ባዶውን እንደ ዜሮ የሚያነብ ፕሮግራም ተጠቃሚውን ዜሮ ዲግሪ ላይ፣ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ባሕር ላይ ያስቀምጠዋል።

አዲስ አበባ ተቀምጦ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ፈጽሞ የማያያቸው ስሕተቶችም አሉ። አገራችን ሙሉ በሙሉ ከምድር ወገብ በስተሰሜን፣ ከዜሮ ኬንትሮስም በስተምሥራቅ ናት። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው የአቅጣጫ ፊደል ለኛ ሁልጊዜ ሰሜንና ምሥራቅ ስለሆነ፣ ሳያነቡት ቢዘሉት ፕሮግራሙ ያለ እንከን ይሠራል። ናይሮቢ ሲደርስ ኬክሮሱ ደቡብ ይሆናል፤ አሜሪካ ሲደርስ ኬንትሮሱ ምዕራብ ይሆናል፤ ያኔ ነው የሚወድቀው። ቀኑም እንዲሁ ነው። ጂጂኤ ሰዓት እንጂ ቀን አይነግርም፤ ቀኑን አርኤምሲ ከሚባለው መስመር መውሰድ ያስፈልጋል። ሁለቱ በትክክል ካልተጣመሩ የዓለም መነሻ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሲመታ ነጥቡ አንድ ሙሉ ቀን ይስታል። ይህ ሰዓት በኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ ማንም ካርታ አይሠራም። ዋሽንግተን ዲሲ ላለው ወገናችን ግን በአሜሪካ የበጋ ወራት ምሽት 2 ሰዓት ላይ፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ በእግሩ በሚንሸራሸርበት ጊዜ ነው የሚመጣበት። ችግሩን የሚነግራችሁ እሱ ነው፤ እናንተ ደግሞ ቤታችሁ ሆናችሁ ደግማችሁ ልታዩት አትችሉም።

ማለትም ካልቀዳችሁ በስተቀር። ከተቀባዩ የሚወጣው ጅረት ሳይነካ፣ ሳይጣራ ፋይል ላይ ሊቀዳ የሚችል መሆን አለበት። በሊኑክስ ላይ በዩኤስቢ የተሰካ ተቀባይ እንደ ፋይል ስለሚነበብ መቅዳት የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው። ጂፒኤስዲ የሚባለው ክፍት ፕሮግራም ደግሞ ከተቀባዩና ከእናንተ ፕሮግራም መካከል ገብቶ የልዩ ልዩ ቺፖችን ቋንቋ ጄሰን ወደሚባል አንድ ወጥ የጽሑፍ ቅርጽ ይተረጉማል፤ በፖርት 2947 በኩል ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ አንዱን ተቀባይ እንዲያነቡም ያስችላል። አብሮት የሚመጣው ጂፒኤስፌክ የተቀዳውን ፋይል ልክ ተቀባዩ አሁን እየተናገረ እንዳለ አድርጎ መልሶ ያጫውታል። የዋሽንግተኑ ልጅ የቀዳውን ፋይል በኢሜይል ይልክላችኋል፤ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ የሱን ምሽት ታጫውታላችሁ። እኔ ዘንድ እንዲህ ያሉ ፋይሎች የታጨቁበት አቃፊ አለ፤ ድልድይ ሥር የተቀዳ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀዳ፣ ገመዱ እየተነቀለ የተቀዳ። ኮዴ ላይ አንዲት መስመር በቀየርኩ ቁጥር ሁሉንም አስኬዳቸዋለሁ። ከየትኛውም ውድ መሣሪያ ይልቅ የጠቀመኝ ይህ አቃፊ ነው።

እንግዲህ ምን ይገዛ? ለጀማሪ የምመክረው በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ኮምፒውተር ማውስ የሚመስለውን ዓይነት ወይም የዩ-ብሎክስ ቺፕ የሆነው ኔኦ-6ኤም የተገጠመባትን ትንሽ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳዋ በጥቂት ዶላር ትገኛለች። ጂፒኤስን ብቻ ነው የምታየው፤ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ፣ የቻይናውን ቤይዱ አታውቅም። ጉድለቷ ራሱ ለእናንተ ጥቅም አለው፤ ተጠቃሚዎቻችሁ ብዙዎቹ ጎበዝ መሣሪያ የላቸውም። የገዛችሁት ዕቃ እውነተኛ መሆኑን ግን አረጋግጡ፤ የታወቀ ቺፕ ስም ተለጥፎባቸው ውስጣቸው ሌላ የሆኑ ሰሌዳዎች ገበያውን ሞልተውታል። እውነተኛ የዩ-ብሎክስ ቺፕ የስሪት ቁጥሩን ሲጠየቅ በራሱ ፕሮቶኮል፣ ዩቢኤክስ በሚባለው፣ ይመልሳል። ዝም ካለ ወይም የማይገናኝ ነገር ከመለሰ ጠርጥሩት።

ዕቃው ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈውን የቻናል ብዛት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ስንት ምልክት መከታተል እንደሚችል የሚናገረውን ቁጥር፣ ብዙ አትመኑበት። 50 ይሁን 72፣ በአንድ ጊዜ ከአናታችን በላይ የሚታዩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ናቸው። የሚጠቅመው ስንት ዓይነት ሥርዓት በአንድ ጊዜ እንደሚያዳምጥ ነው። ካዛንቺስ ወይም ለገሃር አካባቢ መስታወት በለበሱት ሕንጻዎች መካከል ስትቆሙ የምታዩት ሰማይ ጠባብ ነው፤ በዚያች ጠባብ ሰማይ ውስጥ ጂፒኤስ ብቻውን 4 ሳተላይት ላያገኝ ይችላል፣ ሥርዓቶቹ ሲደመሩ ግን ይበቃሉ። ለዚህ የዩ-ብሎክስ ኤም8 ወይም ኤም9 ትውልድ ጥሩ ሁለተኛ ግዢ ነው።

ፍጥነትም ላይ አትሳሳቱ። በሰከንድ 10 ጊዜ ቦታ የሚሰጥ ተቀባይ ለመኪና ይረዳል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 16 ሜትር ከግማሽ በላይ ይጓዛልና መታጠፊያውን ቆርጦ ያልፈዋል። በእግር ለሚሄድ ግን በሰከንድ አንዴ ይበቃል። ደግሞ 10 ጊዜ ብላችሁ ካዘዛችሁት በኋላ ተቀባዩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበትን ፍጥነት ሳትቀይሩ ከተዋችሁት ችግር ይመጣል፦ 9600 በሚባለው የተለመደ ፍጥነት በሰከንድ 960 ፊደል ብቻ ነው የሚያልፈው። ሁሉም መስመሮች ሲከፈቱ ለአንድ ጊዜ ብቻ 500 ፊደል ሊሞላ ይችላል። የተረፈው ይቆረጣል፣ እናንተም ቺፑ ተበላሽቷል ትላላችሁ።

«ትክክለኛነት 2.5 ሜትር» የሚለው ጽሑፍ ምን ማለት እንደሆነም ይታወቅ። የኔኦ-6ኤም መግለጫ ላይ ያለው 2.5 ሜትር፣ ሰማዩ ክፍት ሆኖ ከነጥቦቹ ግማሾቹ በዚያ ክብ ውስጥ ያርፋሉ ማለት ነው፤ ሌሎቹ ግማሾች ውጭ ናቸው። አንድሮይድ የሚሰጠው የትክክለኛነት ክብ ደግሞ 68 በመቶውን ታሳቢ ያደረገ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይህ ከዚያ ይበልጣል የሚል ፕሮግራም የተለያዩ ነገሮችን እያወዳደረ ነው።

በኛ አገር ላይ ደግሞ ለብቻው መታወቅ ያለበት ጉዳይ አለ። የምድር ማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ከበላያችን ያለው አዮኖስፌር የሚባለው የአየር ክፍል በዚህ መስመር አካባቢ እረፍት የለውም፤ ምልክቱን ያዘገያል፣ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት ደግሞ አንዳንዴ ያንቀጠቅጠዋል። አውሮፓ ውስጥ የተጻፉ የግዢ ምክሮች ኢግኖስ የሚባለውን የእርማት ምልክት የሚቀበል ይሁን ይላሉ፤ የኢግኖስ ሳተላይት ከኛ ሰማይም ይሰማል፣ እርማቱ ግን ለአውሮፓ ሰማይ የተሰላ ነው። ለዚያ ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ። የሚረዳው በሁለት ሞገድ የሚያዳምጥ ተቀባይ ነው። አዮኖስፌር ሁለቱን ሞገዶች እኩል አያዘገያቸውም፤ ከልዩነታቸው ተነሥቶ መዘግየቱን ራሱን ማስላት ይቻላል። ኤል5 የሚባለው አዲሱ ምልክት ደግሞ ከተለመደው 10 እጥፍ በፈጠነ ኮድ ስለሚላክ ከሕንጻ ላይ ተንጸባርቆ የመጣውን ከዋናው ለመለየት ይቀላል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሁለት ሞገድ የሚያዳምጡ ስልኮችም ገበያ ላይ አሉ።

ዜድ-ኤፍ9ፒ የመሰሉት፣ በሁለት ሞገድና በአቅራቢያ ካለ ቋሚ ጣቢያ በሚመጣ እርማት እስከ ሴንቲ ሜትር የሚወርዱት ቺፖች፣ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣሉ። የይዞታ ልኬት ሶፍትዌር ካልጻፋችሁ አያስፈልጓችሁም፤ ካስፈለጓችሁም ለአንድ ሳምንት ተውሳችሁ ፋይል ቅዱባቸውና መልሱ። እነሱን ስታነቡ የአኃዙን ርዝመት እዩ፤ በኤንኤምኢኤ መስመር ላይ ከነጥቡ በኋላ አራት አኃዝ ብቻ ካለ የመጨረሻዋ አኃዝ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ናት። የከፈላችሁበት ሴንቲ ሜትር ስልክ ቁጥሩ ተቆርጦ እንደቀረ ጥሪ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሴንቲ ሜትር ስናሳድድ 200 ሜትር እንዳናጣ ግን እፈራለሁ። የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያሳተማቸው የቆዩ 1 ለ50,000 ካርታዎች የተሣሉት አዲንዳን በሚባለው የመነሻ ሥርዓት ነው። ጂፒኤስ የሚናገረው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ የመነሻ ሥርዓት ነው። ሁለቱም ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ፍርግርግ በሜትር ሲጻፉ ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ፤ በአንዱ የተለካውን በሌላው ላይ ያለ ለውጥ ካስቀመጣችሁት ግን ከ200 ሜትር በላይ ይርቃል። የትኛውም ተቀባይ ከዚህ አያድናችሁም። ፕሮግራማችሁ ቁጥሩን ሲቀበል «በየትኛው ሥርዓት?» ብሎ የሚጠይቅ መስክ ይኑረው።

ያገለገለ ተቀባይ የምትገዙ ከሆነ ቀኑን እዩለት። ጂፒኤስ ሳምንታትን ሲቆጥር 1024 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ መጨረሻ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ነው፣ ቀጣዩ በኖቬምበር 2038 ነው። ይህን ያልተዘጋጀበት አሮጌ መሣሪያ ቦታውን በትክክል እየነገረ ቀኑን 19 ዓመት ከግማሽ ያህል ወደኋላ ይጽፈዋል። ዋጋው ረክሶ ካገኛችሁት ግዙት፤ ፕሮግራማችሁ የተሳሳተ ቀን ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ የምታዩበት ሌላ መንገድ ብዙ የለም።

አዲስ ተቀባይ ይዤ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማደርገውን ልንገራችሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ፣ አንቴናው ወደ ሰማይ እንዲያይ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ ቆርቆሮው ከሥር ሲሆን ከታች የሚመጣውን ነጸብራቅ ይመክትለታል። ለሁለት ሙሉ ቀን፣ 48 ሰዓት፣ ሳይነካ ይቀዳል። ተቀባዩ አልተንቀሳቀሰም፤ ነጥቦቹ ግን ሲሣሉ እንደ ንብ መንጋ ተበትነው ይታያሉ፤ ማምሻው ላይ ደግሞ መንጋው ሰፋ ሊል ይችላል። ከዚያ ሁለቱን ቀናት አንዱን በአንዱ ላይ እደርባቸዋለሁ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች በየቀኑ ከትናንቱ 4 ደቂቃ ያህል ቀድመው ወደዚያው የሰማይ ቦታ ስለሚመለሱ፣ ትናንት 5 ሰዓት ከ20 ላይ ወደ ምሥራቅ የሸሸ ነጥብ ዛሬ 5 ሰዓት ከ16 ላይ ያንኑ ከደገመው፣ ጥፋቱ የጎረቤት ፎቅ ነጸብራቅ ነው። ካልደገመው ምክንያቱን ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። ፋይሉን ቀኑን፣ የቺፑን ዓይነትና ቅንብሩን በስሙ ላይ ጽፌ ወደ አቃፊው እጨምረዋለሁ።